ጎርጎራ ሄጄ ጽዋ ተሸክሜ መጣሁ

አባዬ እሺ አለ።

እባካችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡልኝ። እኔ ከሰማኋት ጀምሮ ለራሴ ስንቴ እንደደገምኳት ቆጥሬ አልጨርሰውም። አባዬ እሺ አለ! ጎርጎራ ልንሄድ ነው! ጣና ዳር!

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ለምትኖር ልጅ ይህ ምን ያስደንቃል ትሉ ይሆናል። እኔና ጣና እኮ ጎረቤታሞች ነን። ከጎንደር ቁርሱን በልቶ የተነሣ ሰው ምሳውን ሐይቁ ዳር ይበላል። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ መጥቶ ያየዋል። እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመቴን ሙሉ ያየሁት ጸጉር ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ብቻ ነው፤ እሱም የሐምሌ ወር ሥዕል ስለነበረ ነሐሴ ሲገባ ገለበጡብኝ።

ጥፋቱ የአባዬ ነው። አባዬ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ የአፈር ሳይንስ ዶክተር ነው። ማንኛውንም ነገር ስትጠይቁት መጀመሪያ አደጋውን ይዘረዝርላችኋል። አንደኛው ዓመት ላይ "ጎርጎራ እንሂድ" ስለው "ጉማሬ አለ" አለኝ። በሁለተኛው ዓመት "ፈተና እያረምኩ ነው" አለኝ። በሦስተኛው ዓመት "ውሃው ውስጥ ቀንድ አውጣ አለ፤ ቀንድ አውጣው ውስጥ ትል አለ፤ ትሉ ደግሞ አንቺ ውስጥ መግባት ይፈልጋል" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሰውነቴን ስታጠብ እንኳ ባልዲውን እጠራጠር ነበር።

ዘንድሮ ግን ትምህርት ተዘጋ፣ ፈተናው ታርሞ አለቀ፣ መንገዱም ሰላም ነው ተባለ። ለጉማሬው ደግሞ ተዘጋጅቼበት ነበር። "አባዬ፣ ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። እኛ ደግሞ ውሃ ውስጥ አንገባም። ታዲያ የት እንገናኛለን?" አልኩት። አባዬ በማስረጃ የሚሸነፍ ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና "ሐሙስ" አለ።

ደስታዬን የማደርግበት ባጣ ወጥቼ የግቢያችንን የብረት በር ከፍቼ ዘጋሁት። ደግሜ ከፍቼ ዘጋሁት። አከራያችን በመስኮት ብቅ አሉና "ማነው እሱ?" አሉ።

"ጎርጎራ ልንሄድ ነው!" አልኳቸው።

"ታዲያ በሩን ይዛችሁት ነው የምትሄዱት?"

እማዬ ነርስ ናት። ሐሙስ ሥራ ስለነበረባት አብራን ልትሄድ አልቻለችም፤ ምክሯን ግን ሸክፋ ሰጠችኝ። "ገጠር ነው የምትሄዱት፤ ሰው ቤት መግባታችሁ አይቀርም። ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ። የቀረበልሽን ብዪ። ደግሞ እጅሽ ይፍጠን! ትልቅ ሰው ዕቃ ይዞ ቆሞ እያየሽ እንዳትቀመጪ፤ ብድግ ብለሽ ተቀበይ። የማራኪ ልጅ ወገቧ አይታጠፍም አስብለሽ እንዳታሰድቢኝ።"

ይህን ምክር ልብ በሉልኝ። ፍርድ ቤት ብቀርብ ኖሮ ለዳኛው የማሰማው እሱን ነበር።

አባዬ በበኩሉ ቦርሳውን አዘጋጀ። ሁለት ዣንጥላ፣ የዝናብ ልብስ፣ ፕላስተር፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ አንድ ፊሽካ።

"ፊሽካው ለምንድነው አባዬ?"

"ለጉማሬው።"

"ሲሰማው ይሸሻል?"

"አይሸሽም። ሰው ግን ይሰማናል።"

እንዲህ ሆነን ሄድን።

ጣና ስንደርስ ያካፋ ነበር። ክረምት ስለሆነ ለመዝናናት የመጣ ሰው አልነበረም፤ እኛ ብቻ ነን። አባዬ ከዳርቻው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ድንጋይ መረጠና "ከዚህ ወዲያ የለም" አለ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁትን ሐይቅ፣ ሐኪም ዘመድ እንዳይጠጋው እንደከለከለው በሽተኛ፣ በሩቁ ቆሜ ጠየቅሁት። ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶው ላይ ከግራ ጆሮዬ ጀርባ አንዲት ግራጫ መስመር ትታያለች። ጣና እሷ ናት።

ያን ጊዜ ነው አንድ ሽማግሌ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ከፊታችን የደረሱት። አያ ሙጬ ይባላሉ። ታንኳቸው ውስጥ በገመድ የተሰካካ ዓሣ አለ። እኔን አዩ፣ አባዬን አዩ፣ በእኛና በውሃው መካከል ያለውን ባዶ ሜዳ አዩ።

"ምነው ጌታው፣ ተጣልታችሁ ነው?" አሉ።

አባዬ ሳቀ። ቢሆንም ምርመራውን አልተወም። "ይህ ታንኳ ከምንድነው የተሠራው?"

"ከደንገል ነዋ።"

"ደንገል ሣር አይደለም?"

"ሣር ነው።"

"ሣር ላይ ተቀምጠው ነው ውሃ የሚሻገሩት?"

"ሣሩስ ይንሳፈፋል" አሉ አያ ሙጬ፣ አባዬን ከላይ እስከ ታች እያዩ። "እኔን የሚያሠጋኝ እርስዎ ነዎት።"

ወዲያው ወደድኳቸው። አያ ሙጬ ዓሣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው "ዛሬ ሃያ ሦስት አይደል? የጊዮርጊስ ማኅበር በኔ ቤት ነው። ወጥ ያንሳል ብላ ሚስቴ አባርራኝ ነው የመጣሁት። ኑ፣ እልፍ በሉ" አሉን።

አባዬ በደንቡ መሠረት እምቢ አለ። "አይ፣ እንዲያው አናስቸግርዎ።"

"ምን ችግር አለው?"

"ምሳ ይዘናል።"

"በቤቴ አጠገብ አልፋችሁ በፌስታል ምሳ? እኔ ምን በድዬ?"

አባዬ ለሦስተኛው እምቢታ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን "ሩቅ ነው?" የሚል ነበር።

መንደራቸው ዋርካ ሜዳ ትባላለች፤ ከሐይቁ እምብዛም አትርቅም። ሃያ ምናምን የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ዋርካ፣ በመካከሉ ጭቃ። ስለዚህ አገር፣ ስለ ደምቢያ፣ ጭቃ ሰምታችሁ ከሆነ የነገሯችሁ ቀንሰው ነው። እግሬን አንሥቼ ሳይ ጫማዬ የለም። ክንዴን እስከ ክርኔ ሰድጄ ስፈልግ፣ አባዬ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ጭቃውን በጣቶቹ እያሸ "ጥቁር አፈር! ንጹሕ ጥቁር አፈር! አየሽው ሲለጥጥ?" ይለኛል። አየሁት። ጫማዬን በልቶ የሚያገሳውን አፈር እንዴት አላየውም።

የአያ ሙጬ ቤት በሰው ተሞልቷል። ቄሱ ከላይ፣ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን። "እንግዳ! እንግዳ!" ተባለና ቦታ ተለቀቀልን። ዳቦ ተቆርሶ ተሰጠን፣ የዓሣ ወጥ መጣ፣ ለአባዬ ጠላ፣ ለኔ ውሃ። ሸጋ ሰዎች ናቸው። ችግሩ የመጣው አያ ሙጬ "ዶክተር ናቸው" ብለው ሲያስተዋውቁ ነው። አንዲት አሮጊት ወዲያው ጉልበታቸውን ገልጠው አቀረቡለት።

"እማማ፣ እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም" አለ አባዬ። "የአፈር ዶክተር ነኝ።"

አሮጊቷ ጉልበታቸውን ሸፈኑ። ከወንዶቹ መሐል ግን አንድ ሰውዬ ተስፈንጥረው ተነሡ። "ተመስገን! እንግዲያው የኔን ማሳ ይዩልኝ፤ በቆሎዬ ቢጫ እየመታው አስቸግሮኛል።"

የአባዬን ፊት ብታዩት! አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ማንም እንዲህ ፈልጎት አያውቅም። ጠላውን አስቀምጦ ከሰውዬው ጋር ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ያለ ጠባቂ ቀረሁ።

አሁን ጸሎት ተደረገ። ከዚያ አያ ሙጬ ከጓዳ ቀይ ጨርቅ የለበሰ፣ ክዳን ያለው የሸክላ ማሰሮ በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጡ። ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። መሐል ላይ ቆሙ፤ ቄሱ በግዕዝ አንድ ነገር አሉ። አያ ሙጬ ማሰሮውን ሳሙና ወደ ፊት ዘረጉት።

ዝም።

ዝም ብቻ! ሽማግሌው ከባድ ዕቃ ዘርግተው ቆመዋል፣ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፣ ይህ ሁሉ ጎልማሳ ያያል። አንድ ሰው አይንቀሳቀስም! እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም እንዴ ብዬ አሰብኩ። የእማዬ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፦ እጅሽ ይፍጠን!

አግዳሚውን ዘለልኩ። የአንዲት ሴትዮ ነጠላ ረገጥኩ። አንድ ጫማዬን በድጋሚ ጣልኩ። "ምነው እኔ እያለሁ እርስዎ ይደክማሉ!" አልኩና ማሰሮውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እሳቸው ሲስሙት አይቼ ስለነበረ እኔም ሳምኩት።

ከዚያ ከሴቶቹ ወገን አንዷ፣ ደንግጣም ይሁን ደስ ብሏት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ እልል አለች። እልልታ ደግሞ እንደ ማዛጋት ነው፤ አንዱ ከጀመረ ሌላው አይችልም። ቤቱ ቀለጠ። እኔ ለጨዋነቴ መስሎኝ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ ነሣሁ። ለቄሱ ለብቻቸው ደገምኩላቸው።

"እሰይ!" አሉ አያ ሙጬ። "የመጪው ወር ተረኛችን ከጎንደር!"

ማኅበር ምን እንደሆነ አታውቅም እንዳትሉኝ። የእማዬ የሥራ ባልደረቦች የማርያም ማኅበር አላቸው። ግን የእነሱ ተራ የሚነገረው በቴሌግራም ነው። "የሚቀጥለው ወር ሲስተር እገሊት" ተብሎ ይጻፋል፣ ከሥሩ አበባ ይደረደራል፣ ጽዋው ከመኪና ወደ መኪና ይተላለፋል። በዋርካ ሜዳ ግን ጽዋውን ከእጅ የተቀበለ ሰው ተረኛ ነው። ማመልከቻ የለም፣ ፊርማ የለም። በሚቀጥለው ሃያ ሦስት ማኅበሩን በቤቱ ይደግሳል። በቃ።

አባዬ እልልታውን ሰምቶ ከነሥሩ የተነቀለ በቆሎ እንደያዘ እየሮጠ ገባ። ጽዋውን አየ፣ እኔን አየ። "ልጄ" አለ በሹክሹክታ፣ "ቀስ ብለሽ አስቀምጪው።"

"የት?"

"የትም!"

"መሬት አይነካም!" አሉ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ።

እንግዲህ ጽዋውን አቅፌ፣ በአንድ ጫማ፣ የማስቀምጥበት ስፈልግ ነው ያየኋቸው። በአግዳሚውና በመሐል ቤቱ መካከል አንዲት ቀጭን ሴትዮ ከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። የለበሱት ቀሚስ ከሳጥን የወጣ መሆኑን እጥፋቱ ይናገራል። አንድ እጃቸው ወደ ፊት እንደተዘረጋ ነው። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የጠበቀው ለካ እሳቸውን ነበር። እግራቸውን ስለሚያማቸው ቀስ ብለው እየመጡ ሳለ፣ እኔ ከኋላቸው ዘልዬ ቀደምኳቸው።

እትዬ ዝናሽ ናቸው። አምና ተራቸው ሲደርስ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ተራው አለፋቸው። ያን ጊዜ "በእግሬ ቆሜ ጽዋህን ከተቀበልኩ መንደሩን ሁሉ አበላለሁ" ብለው ለጊዮርጊስ ተሳሉ። ዓመት ሙሉ መራመድ ተማሩ። የቀራቸው አራት እርምጃ ነበር።

"እኔስ?" አሉ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል። "ያሰጣሁትን ብቅል ምን ላርገው? ጌሾዬን ምን ላርገው? ምን ብዬ እንደተሳልኩ ይህ ሁሉ ሰው አያውቅም?"

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ አላወቅሁም! እንኩ፣ እንኩ!" ብዬ ጽዋውን ዘረጋሁላቸው።

እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁት። "ከልጅ እጅ ጽዋ ነጠቀች ልባል? ሂጂ ወዲያ! ቀድመሻል፣ ቀድመሻል።"

ከዚያ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ።

"ማኅበርተኛ አይደለችም፣ አይሆንም!"

"ተቀብላለች እኮ! ስማዋለች!"

"ሰማዕቱ ሳይፈቅድ እንዴት ከማራኪ ድረስ መጣች?"

"ጫማም የላት!" ይህን ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለክርክሩ ምን እንደጠቀመም አልገባኝም።

ቄሱ እጃቸውን አነሡ፤ ዝም ተባለ። "ልጄ፣ ክርስትና ስምሽ ማነው?"

ልዋሽ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አሰብኩ። ግን ግድግዳው ላይ ሰማዕቱ ከነፈረሱ ቁልቁል ያየኛል፤ ጦሩ ደግሞ ትክክል ወደኔ ነው። "ወለተ ጊዮርጊስ" አልኩ።

እልልታው ዋርካው ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሣ። አባዬ በቆሎውን ጣለው። ቄሱ ፈገግ አሉና "እንግዲህ ምን እላለሁ? ጽዋው የገባበት ቤት ይደግሳል" ብለው ፈረዱ። አንዱ ስሜን መዝገብ ላይ ጻፈ። ማኅበርተኞቹ ሠላሳ ስድስት ናቸው። ወዲያው የጎንደር ጉዞ ወሬ ደራ። አንዱ በዚያው ዓይኑን ሊታይ፣ አንዷ የእኅቷን ልጅ ልትጠይቅ፣ ሌላው ፋሲልን ሊያይ። "ማኪና እንከራይ፣ ኢሱዙ ይበቃናል!" ይባባላሉ። እትዬ ዝናሽ ብቻ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ።

በዝማሬ እስከ አስፋልት ሸኙን። ሚኒባስ ውስጥ ጽዋውን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። ተሳፋሪ ሁሉ እየተንጠራራ ጨርቁን ሳመ፤ አንዲት እናት "በዚህ ዕድሜሽ! የኔ ልጅ ቢሆን ስልክ እንጂ ምን ያቅፋል?" ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ በበዛ ቁጥር ይብስ አሳፈረኝ። አባዬ በመስኮት እያየ "ጉማሬውን ነበር የፈራሁት" ይላል፤ ይደጋግመዋል።

እማዬ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ጽዋውን መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ፣ በአባዬ የአፈር ናሙናዎች መካከል አየችው።

"ይህ የማን ነው?"

"የኛ" አልኩ።

ነገርኳት። ስጨርስ "እጅሽ ይፍጠን ያልሽው አንቺ ነሽ" አልኩና ማስረጃዬን አቀረብኩ።

"ፍጠኚ አልኩ እንጂ ቅደሚ አልኩሽ?" አለች።

አባዬ ሳሎናችንን በሜትር ለካ። "ሠላሳ ስድስት ሰው ይገባል" አለ፤ "መተንፈስ ካልፈለገ።" እማዬ ግን የጨነቃት ስለ ቦታው አልነበረም። "እሱን በግቢው ድንኳን እንተክላለን፣ ጎረቤት ያግዘናል። ድግሱ አይጨንቀኝም። የዚያች ሴትዮ ስለት ነው የጨነቀኝ። ሰው ዓመት ሙሉ የተሳለው ላይ ቆመን አንደግስም። አንቺ ነሽ የቀደምሻት፣ አንቺ ደውዪላት።"

የእትዬ ዝናሽን ስልክ ከአያ ሙጬ አገኘሁ። መጀመሪያ ስደውል "ጽዋውን የወሰድኩት ልጅ ነኝ" ስላቸው ዘጉት። በማግስቱ ስደውል "ኔትወርክ የለም" አሉና ዘጉት፤ በጣም ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ። በሦስተኛው ቀን አነሡት።

"ደሞ ምን ልትወስጂ ነው?"

ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። "እትዬ፣ ድፍድፍ በስንት ቀን ይደርሳል?"

"ማን ሊጠምቅ?"

"እኔ።"

"ጌሾ ታውቂያለሽ?"

"አረንጓዴ ነው።"

"ጎመንም አረንጓዴ ነው። እንጀራስ?"

"አንድ ጊዜ ጋግሬያለሁ። አባዬ የአፍሪካ ካርታ ይመስላል አለኝ። ማዳጋስካር ሳትቀር ነበረች።"

ስልኩ ውስጥ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። ልክ ጉማሬ። ሳቅ ነበር። ሳቁን ስሰማ ድፍረት አገኘሁና እንባዬ እየመጣ ቶሎ ቶሎ ተናገርኩ፦ "እትዬ፣ አራት እርምጃ ነበር የቀረዎት። አየሁት እኮ፣ እጅዎን ዘርግተው ነበር። ቄሱ ጽዋው የገባበት ቤት ይደግሳል ነው ያሉት እንጂ ማን ይደግሳል አላሉም። ቤቱ የኛ ይሁን፣ ድግሱ የእርስዎ ይሁን። እርስዎ ያዝዙኝ፣ እኔ እሸከማለሁ።"

ዘጉት ብዬ ስልኩን አየሁ፤ አልዘጉትም።

"እጅሽ ፈጣን መሆኑን አይቻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "እንጨት ሲፈልጥስ እናየዋለን።"

ፍልሰታ በተፈታ በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ መጡ። ድፍድፉን በሦስት ጀሪካን ጭነው ነው የመጡት። መንገድ ላይ የአንዱ ክዳን ፈንድቶ፣ ሾፌሩ ጎማ ነው ብሎ ቆሞ አራቱንም ጎማ ዞሮ መርምሯል። ሲወርዱ ሚኒባሱ ሙሉ ጠላ ጠላ ይሸታል፤ ተሳፋሪው ግን ቅር ያለው አይመስልም።

እንደገቡ "ጽዋው የት ነው?" አሉ። ከመደርደሪያው አወረድኩት። በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። ሳሎኑ መሐል ቆሜ በሁለት እጄ ዘረጋሁና ጠበቅሁ። እትዬ ዝናሽ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉት። ከበሩ እስከኔ ድረስ ሰባት እርምጃ ነው፤ ሰባቱንም ያለ ከዘራ መጡ። እማዬ ልትደግፋቸው ብድግ አለች፤ አባዬ በዓይኑ ከለከላት። ተቀበሉኝ፣ ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት። እልል የሚል ሰው ስላልነበረ እኔ አልኩ። ልምድ ስለሌለኝ የአምቡላንስ ድምፅ ወጣኝ።

"ተቀብያለሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከዚያ ወዲያው "በይ አሁን ውሃ ቅጂ!"

እነሆ ቤታችን የእትዬ ዝናሽ ነው። እማዬ ከአዳር ሥራ ስትመለስ "አንቺ ተኚ" ተብላ ወደ መኝታ ትላካለች። ዶክተሩ አባቴ እንጨት ይፈልጣል፤ ከመፍለጡ በፊት ግን የእንጨቱን እርጥበት ይገምታል፣ እሳቸው ደግሞ "ምነው፣ ልታገባው ነው?" ይሉታል። አከራያችን ግቢ ውስጥ ጭስ ክልክል ነው ሊሉ ወጥተው ነበር። እትዬ ዝናሽ "ክርስትና ስምሽ ማነው?" አሏቸው። ምን እንደመለሱ አልሰማሁም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወንፊት ይዘው ዱቄት ሲነፉ አየኋቸው።

ዛሬ ጠዋት ሽንኩርት እየላጥኩ "እትዬ፣ ለሠላሳ ስድስት ሰው ይህ ሁሉ አይበዛም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ስለቴ መንደሩን ሁሉ አበላለሁ ነው" አሉ። "መንደሬን ወደ ማራኪ ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ እንግዲህ የማራኪም ሰው መንደሬ ነው። ጓደኛ የለሽም? ጎረቤት የለሽም?"

"አለኝ። ግን ስንቱን ልጥራ?"

"ምነው ትሰስቻለሽ፣ የጠላው ባለቤት እኔ! መጻፍ ትችያለሽ አይደል? ጽፈሽ ጥሪያ!"

ስለዚህ ጻፍኩ። የፊታችን ቅዳሜ፣ ነሐሴ ሃያ ሦስት፣ ማራኪ፣ ድንኳን የተተከለበት ግቢ ኑ። ዋርካ ሜዳ በኢሱዙ ትመጣለች። ጠላ ለማይጠጣ ብርዝ አለ። እንጀራውን የጋገርኩት እኔ ስላልሆንኩ ክብ ነው። በሩ ላይ "ማን ጠራችሁ?" የሚል ሰው ካለ፣ የኔን ስም አትጥሩብኝ፤ "እትዬ ዝናሽ ጠርተውን ነው" በሉና ግቡ።